ለሐኪም ያልነገርኩት ጥይት

ቀኝ ዓይኔ ውስጥ ለአምስት ወር ያህል ብረት ተቀምጦ ነበር። ሐኪሞቹ አላወቁም። ያላወቁትም ሙያ ጎድሏቸው ሳይሆን እኔ ስለዋሸኋቸው ነው። ይህን የምናገረው ሽጉጥ ያለው ሰው ጥይቱን ከየት እንዳገኘ ቆም ብሎ እንዲያስብ ነው። ሽጉጥ የሌለውም ቢሆን ሐኪም "ምን ሆነህ ነው?" ብሎ ሲጠይቀው የሆነውን ይንገረው።

ስሜ ጀማል ነው። አባቴ ከወሎ መጥቶ አዳማ የሰፈረ ነጋዴ ነበር፤ እኔ ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ነው። የምነግደው ቦሎቄ ነው። ከመቂ፣ ከዝዋይና ከአርሲ ነገሌ ገበሬው ያመጣውን ሰብስቤ በአይሱዙ ጭኜ አዳማ ላሉ ላኪዎች አስረክባለሁ። በዚህ ሥራ ጥሬ ገንዘብ ይዞ መንገድ መውጣት አለና፣ ከብዙ ዓመት በፊት ፈቃድ አውጥቼ ሽጉጥ ገዛሁ። አንድም ቀን ሰው ላይ አንስቼው አላውቅም። ፈቃዱን ለማሳደስ ይዤው እሄዳለሁ፣ ተመልሼ ቁም ሣጥን ውስጥ እቆልፍበታለሁ፤ በቃ።

ያን መኸር ግን መንገዱ አስፈራኝ። እገሌን አስቁመው ዘረፉት፣ እገሌን ከነመኪናው ወሰዱት የሚል ወሬ በየቀኑ እሰማለሁ። ሽጉጤን ከቁም ሣጥን ሳወጣ ጥይቶቹ አርጅተው ዝገዋል። ይህን ለግርማ አጫወትኩት። ግርማ እንደኔው የቦሎቄ ነጋዴ ነው። አንዳንዴ ጭነት ተጋርተን እንልካለን፣ አንዳንዴ ደግሞ በአንድ ገበሬ ምርት ላይ እንሻማለን። በዚያው ሰሞን መቂ ላይ እኔ ቃል ያስገባሁትን ገበሬ እሱ ዋጋ ጨምሮ ወስዶብኝ ተኮራርፈን ነበር፤ ከታረቅን ሁለት ሳምንት አልሞላንም።

"ሕጋዊውን አገኛለሁ ብለህ ስትመላለስ መኸሩ ያልፍብሃል" አለኝ። "እኔ ያገኘሁት አለ። በግማሽ ዋጋ። ላካፍልህ?"

"ከየት ነው?"

"ከሰው ነዋ። ምን ያደርግልሃል? ጥይት ያው ጥይት ነው።"

በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ቤት ወስጄ ስፈታው ሁሉም አንድ ዓይነት አልነበሩም። የአንዳንዱ ቀለህ፣ ማለትም ባሩዱን የሚይዘው ቅርፊት፣ አዲስ ሳንቲም ይመስላል፤ የአንዳንዱ ጠቁሯል። አንገቱ ላይ በጉጠት የተነከሰ የሚመስልም አየሁ። አየሁና ዝም አልኩ። ርካሽ ነዋ! ግርማ ሲሰጠኝ አንድ ነገር ጨምሮ ነበር፤ "ስትሞክረው ሰው በሌለበት ይሁን፤ ብቻህን ሂድ" ብሎኛል። ያን ሰዓት ምንም አልመሰለኝም። በኋላ ግን ይህችን ቃል ስንት ጊዜ እንዳመነዠግኳት አላህ ያውቃል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ሶደሬ በሚወስደው መንገድ ወጣ ብዬ፣ ድንጋይ ተቆፍሮ አልቆ የተተወ ጉድጓድ ጋ መኪናዬን አቆምኩ። የመጀመሪያው ጥይት በደንብ ጮኸ። ሁለተኛው ግን "ፍስ" ብሎ ቀረ። እጄን እንኳ አልነካኝም፤ ትንሽ ጭስ ብቻ ወጣ። ማቆም የነበረብኝ እዚያ ላይ ነበር። ባሩዱ በጣም ትንሽ ስለነበረ የጥይቱ እርሳስ ከሽጉጡ ሳይወጣ አፈሙዙ ውስጥ ተሰንቅሮ ቀርቷል። ይህን ያወቅኩት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። በዚያች ደቂቃ ጥይቱ የከሸፈ መሰለኝና እንደገና አቀባብዬ ምላጩን ሳብኩ።

ሽጉጡ እጄ ላይ ፈነዳ።

መሬት ላይ ተቀምጬ ራሴን አገኘሁት። ጆሮዬ ይጮኻል። በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል ያለው ሥጋ ተተርትሯል፤ ፊቴን በርበሬ የተረጨበት ያህል ያቃጥለኛል። የሽጉጡ አፈሙዝ ጎኑን ተሰንጥቆ ተከፍቷል። ቀኝ ዓይኔን አሸዋ የገባበት ያህል ቆረቆረኝ፣ ትንሽ አነባ፣ ከዚያ ተወኝ። የደማው እጄ ስለነበር ለዓይኔ ግድ አልሰጠሁትም።

ሻርፔን እጄ ላይ ጠምጥሜ፣ የተሰነጠቀውን ሽጉጥ እዚያው ድንጋይ ሥር ደብቄ ስመለስ የማስበው ስለ ቁስሌ አልነበረም። "ሽጉጥ ፈነዳብኝ ካልኩ ጥይቱን ከየት አመጣኸው ይሉኛል፤ ከዚያ ፖሊስ፣ ከዚያ ፈቃዴ፣ ከዚያ ሥራዬ" እያልኩ ነበር የምነዳው። ከተማ ስገባ ውሸቴ ተዘጋጅቷል።

"የመኪና ባትሪ ፈንድቶብኝ ነው" አልኩት ክሊኒክ ውስጥ ያገኘሁትን ባለሙያ።

ልጁ እጄን አገላብጦ አየው። "ባትሪ እንዲህ አድርጎ ሥጋ ይተረትራል እንዴ?" አለ።

"ክዳኑ ነው የመታኝ።"

ቀና ብሎ ሲያየኝ የጠረጠረኝ መሰለኝ። የባትሪ አሲድ ነው ብሎ ስላመነ ግን ዓይኔን በብዙ ውኃ አጠበልኝ፣ ጠብታ ሰጠኝ፣ እጄን ሰፋልኝ። "ከሁለት ቀን በኋላ ተመለስ" አለኝ። አልተመለስኩም። እስክመለስ ድረስ ለፖሊስ ይነግርብኛል ብዬ ስፌቱን እንኳ ሌላ ቦታ ሄጄ ነው ያስፈታሁት።

ለባለቤቴ ለዘሃራም ያንኑ የባትሪውን ታሪክ ነገርኳት። ማምሻውን ግርማ ደወለ።

"እህ፣ ሞከርከው?"

"ገና ነኝ" አልኩት።

"ስትሞክረው ንገረኝ እሺ?"

ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ለምን በዚያው ቀን ደወለ? ለምን ብቻህን ሂድ አለኝ? የመቂው ጠብ በልቡ ቀርቶ ይሆን? ከዚያ ቀን ጀምሮ የግርማን ስልክ ማንሳት ተውኩ።

እጄ በሦስት ሳምንት ዳነ። ዓይኔ ግን ከወር በኋላ መደብዘዝ ጀመረ። መጀመሪያ ያወቅኩት መሸትሸት ሲል ከሞጆ ስመለስ ነው፤ በስተቀኜ ያለው ባጃጅ አልታየኝም፤ ለጥቂት ነው ያልገጨሁት። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ። አለርጂ ነው ብለው ጠብታ ሰጡኝ። ጠብታው ሲያልቅ ሦስተኛ ቦታ ሄድኩ። እዚያ ደሜን መርምረው "ስኳር የለብዎትም፤ ዕድሜ ይሆናል" ብለው መነጽር አዘዙልኝ። በሄድኩበት ሁሉ "ዓይንዎን የመታው ነገር አለ?" ብለው ይጠይቁኛል። እኔም "ባትሪ" እላለሁ። አንድ ውሸት ይዘው ሦስት ቦታ ምን እንዲያገኙልኝ እንደጠበቅኩ አላውቅም።

እናቴ በበኩሏ "ልጄን ሰው በዓይን በላው" ብላ ቁርኣን የተቀራበት ውኃ ታመጣልኛለች። ጠጣሁት፤ ፊቴንም ታጠብኩበት። ለልቤ እረፍት ሰጥቶታል፤ ዓይኔ ግን እየባሰበት ሄደ።

አንድ ቀን ጠዋት ዘሃራ አገጬን ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረችኝ። "ጀማል፣ የዚህኛው ዓይንህ ቀለም ተለይቷል" አለችኝ። መስተዋት አምጥታ አሳየችኝ። ግራው እንደ ድሮው ጥቁር ነው። ቀኙ ወደ ቡናማ፣ ወደ ዝገት ሄዷል። ሁለታችንም ፈራን።

"ባትሪው የፈነዳው የት ነው ያልከኝ?" አለችኝ።

"መንገድ ላይ።"

"በየትኛው መኪና?"

"ምን ልታደርጊበት ነው?" ብዬ ጮህኩባት። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም፤ ዝምታዋ ከጥያቄዋ ይልቅ አስጨነቀኝ። ወንድሟ ወረዳ ውስጥ ይሠራል። ነግራው ይሆን? አንድ ቀን ሻወር ስትገባ ስልኳን አንስቼ የተደዋወለችውን ማየት ጀመርኩ። በር ላይ ቆማ አገኘችኝ።

"ስልኬ ውስጥ ምን ፈለግክ?"

"ሰዓት እያየሁ ነው።"

"ሰዓቱ ግድግዳው ላይ አለ" አለችኝና ስልኳን ከእጄ ወስዳ ሄደች። ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ስንኖር እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

የጥርጣሬ በሽታ እንዲህ ነው፤ ሁሉም ሰው የሚከታተልህ ይመስላል። በመጨረሻ አዳማ ውስጥ ወደ ዓይን ስፔሻሊስት ስሄድ፣ ወረፋ መጠበቂያው ላይ ኮት የለበሱ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። "አካም ጅርታ?" አሉኝ፤ ደህና ነኝ አልኩና ፊቴን አዞርኩ። በሁለተኛው ቀጠሮዬም መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ሲቪል የለበሰ ፖሊስ ነው ብዬ ደመደምኩ። ነርሷ የብሌን ማስፊያ ጠብታ ካደረገችልኝ በኋላ ሁሉ ነገር ሲጭበረበርብኝ፣ ተነሥቼ ሽንት ቤት ስፈልግ ግድግዳ ገጨሁ። ክንዴን የያዘኝ እኚያው ሰው ናቸው። በር ድረስ ወስደው ቆመው ጠበቁኝ፣ መልሰው አስቀመጡኝ፣ ከኮታቸው ኪስ ብርቱካን አውጥተው ልጠው ሰጡኝ። ኦቦ ቱፋ ይባላሉ፤ የመቂ ሽንኩርት ገበሬ ናቸው። ፀረ ተባይ ሲረጩ ዓይናቸው ተጎድቶ ነው የሚመላለሱት። ያን ብርቱካን እየበላሁ ማልቀስ ቃጣኝ።

ስፔሻሊስቷ ዶክተር ሰላማዊት ትባላለች። ወጣት ናት፤ አትቸኩልም። መብራት እያበራች ዓይኔን ለረጅም ጊዜ ካየች በኋላ ወንበሯን ሳበች።

"የቀኝ ዓይንዎ ብሌን ብርሃን ሲያይ መጥበብ ነበረበት፤ አይጠብም" አለችኝ። "አሲድ ብቻውን ይህን አያመጣም። ሌላ የሚነግሩኝ ነገር አለ?"

"የለም።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ምን አለ ብለሽ ነው?" አልኳት ቆጣ ብዬ።

የዓይን ሞራ ስለጋረደው ውስጡን አጥርታ ማየት አልቻለችም። ምናልባት ጭንቅላቴ ውስጥ የዓይን ነርቭን የሚጫን እብጠት ሊኖር ይችላል ብላ አዲስ አበባ ኤምአርአይ እንድነሣ ላከችኝ። ኤምአርአይ ማለት በጣም ኃይለኛ ማግኔት ባለው ማሽን የሰውነትን ውስጥ ማንሣት ነው። እኔ ከዚያ ሁሉ የሰማሁት "እብጠት" የሚለውን ብቻ ነው። ያን ሳምንት መኖሬን ትቼ መሞቴን ሳሰላስል ከረምኩ። ያም ሆኖ ጥይቱ ትዝ ሲለኝ አርቄ እገፋዋለሁ፤ "እሱ እጄን ነው የመታው" እላለሁ።

ዘሃራ አብራኝ ሄደች። የምርመራ ክፍሉ ባለሙያ ቀበቶዬን፣ ቁልፌን፣ ሰዓቴን፣ ሳንቲሜን አስወጣኝ። ከዚያ ወረቀት ይዞ ይጠይቀኝ ጀመር። ልብ ላይ የተተከለ መሣሪያ? የለም። የቀዶ ጥገና ብረት? የለም።

"በብየዳ፣ በግራይንደር ወይም በፍንዳታ ዓይንዎ ውስጥ ብረት ገብቶ ያውቃል?"

"የለም" አልኩ።

"እሺ ጋሼ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙና እንገባለን።"

እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። ከኋላዬ ዘሃራ "ቆይ ወንድሜ" አለች። ዞር አልኩ። ዕቃዎቼን በፌስታል ይዛ ቆማለች።

"ጀማል፣ ባትሪ አልፈነዳም" አለችኝ። "በዚያው ሳምንት የአይሱዙውን ሾፌር ጠይቄዋለሁ። የፈነዳ ባትሪ የለም። ሽጉጥህም ቁም ሣጥን ውስጥ የለም። እኔ ሰው ጎድተህ መስሎኝ አምስት ወር ሙሉ ዝም አልኩ። ለእኔ አትንገረኝ። ለእሱ ግን ንገረው።"

ፌስታሉን የያዘ እጇን አየሁት። እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

"ሽጉጥ ነው የፈነዳብኝ" አልኩት ባለሙያውን። "ፊቴ አጠገብ።"

ልጁ ወረቀቱን ከፊቴ ሳበው። ምንም አልተቆጣኝም፤ ወንበር አምጥቶ አስቀመጠኝና እሱም ተቀመጠ። "ጋሼ፣ ያ ማሽን ብረት ይስባል" አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ዓይንዎ ውስጥ ብረት ካለ እዚያው እያለ ያንቀሳቅሰዋል። የቀረውን የዓይንዎን ብርሃንም ያጠፋው ነበር።"

ወዲያው ራጅ ላኩኝ። ፊልሙ ላይ ቀኝ ዓይኔ ባለበት ቦታ የጤፍ ፍሬ የምታክል ነጭ ነጥብ አለች። ለአምስት ወር የፈለግናት እሷን ነበር።

እዚያው አዲስ አበባ የዓይን ቀዶ ጥገና ሐኪም ዘንድ አቀረቡኝ። በዕድሜ የገፉ፣ ድምፃቸው ጎርናና ሰው ናቸው። ነጥቧ የሽጉጡ አፈሙዝ ሲሰነጠቅ የተፈናጠረች ብረት መሆኗን ነገሩኝ። ስትገባ ትንሽ ስለነበረች ቀዳዳዋ ወዲያው ተደፍኗል። ውስጥ ሆና ግን ዝጋለች፤ ዝገቷ እየሟሟ ዓይኔን ቀለም አልብሶታል፣ ብርሃን የሚቀበለውን የኋላ ስስ ሽፋንም መርዞታል።

"በመጀመሪያው ቀን ቢነግሯቸው በራጅ ትታይ ነበር" አሉኝ።

"አሁን ለፖሊስ ይደውላሉ?" አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። "የፖሊሱ ጉዳይ ሲድኑ ራስዎ ይሄዱበታል። አሁን ስለ ዓይንዎ እናውራ።"

ብረቷን አወጧት። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለብዙ ቀን ፊቴን ደፍቼ መተኛትና መቀመጥ ነበረብኝ፤ ዓይኔ ውስጥ የሞሉት ጋዝ የኋላውን ሽፋን ደግፎ እንዲይዘው ነው። አንገቴ ተቆረጠ አልኩ። ዘሃራ ወለሉ ላይ ትራስ አድርጋ፣ ከታች ጋደም ብላ ፊቴን እያየች ታወራኛለች። በስትሮ ሾርባ ታጠጣኛለች። ያችን የስልክ ነገር ይቅርታ ጠየቅኳት።

"ምን አገኘህበት?" አለችኝ።

"ምንም። የእናቴን ቁጥር።"

ሳቀች። ብዙ ወር ሳቋን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

እንዲያ ተደፍቼ ሳለሁ ነው ግርማ ትዝ ያለኝ። አምስት ወር ሙሉ ሊገድለኝ ፈልጎ ይሆን እያልኩ ስጠረጥረው፣ የቀሩት ጥይቶች እሱ ጋ መሆናቸውን አንድም ቀን አላሰብኩም። በዘሃራ ስልክ ደወልኩ፤ ቁጥሩ አይሠራም። እንደገና ደወልኩ፤ አይሠራም። አዳማ እንደተመለስኩ ሐኪሙ እረፍት አድርግ ያሉኝን ትቼ በባጃጅ ወደ ግርማ መጋዘን ሄድኩ።

ሲያየኝ ከጆንያው ላይ ብድግ አለ። "ልታስይዘኝ ነው የመጣኸው?"

"ምን አድርገህ?"

"አምስት ወር ስልክ አታነሣም። ዓይኑ ታሟል ይሉኛል፤ ምን እንደነካህ አትናገርም። ነግሮብኛል ብዬ ቁጥሬን ሁሉ ቀየርኩ።"

"ግርማ፣ ጥይቶቹ የት ናቸው?"

ሸሚዙን ገለጠ። ወገቡ ላይ ናቸው፤ ሽጉጡ ጎርሷቸዋል። ሁልጊዜ ይዟቸው ይዞራል፤ ልጆቹን ትምህርት ቤት ሲያደርስ እንኳ።

"ተኩሰህበት ታውቃለህ?"

ዓይኑን ከእኔ አሸሸ። "አልተኮስኩም" አለ። "አንተ ሞክረህ ደህና ነው እስክትለኝ እየጠበቅኩ ነበር።"

ጥቁር መነጽሬን አወለቅኩ። ዓይኔን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ሽጉጡን ከወገቡ አወጣ፤ ጥይቶቹን ለማውጣት ሲሞክር ሁለቴ ከእጁ አመለጠው። አንዷ ወለሉ ላይ ወድቃ ስትንከባለል ሁለታችንም ወደ ኋላ ሸሸን።

ሊገድለኝ አልፈለገም። እኔ እንድሞክርለት ግን ፈልጓል። ይህን አውቃለሁ፤ እሱም ማወቄን ያውቃል። ያን ቀን ግን ነገሩን አላነሣሁበትም፤ እኔም እኮ የደረሰብኝን ደብቄ እሱን ለዚያው አደጋ ትቼዋለሁ።

በማግሥቱ አብረን ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። የመሣሪያ ነገር የሚያውቅ አንድ መርማሪ ጥቂቶቹን ፈትቶ አሳየን። በአንዱ ውስጥ ባሩዱ ግማሽ አይሞላም፣ በሌላው ተጠቅጥቋል፣ በአንዱ ጨርሶ የለም። የተተኮሱ ቀለሆችን ሰብስቦ በየቤቱ የሚሞላ ሰው የሠራቸው ናቸው አለን። "ሌባ ቢመጣባችሁ የምትጎዱት እናንተ ነበራችሁ" አለ። ሁለታችንም ፈቃዳችንን ተነጠቅን፣ ፍርድ ቤት ቀረብን፣ ተቀጣን። የፈራሁት ሁሉ ደረሰብኝ። ግን ከፈራሁት በጣም ያነሰ ነበር።

ዛሬ በቀኝ ዓይኔ የሰው ቅርጽ አያለሁ፤ ፊቱን አልለይም። መኪና አልነዳም። ግራው ደህና ነው። ክትትሌን የማደርገው አዳማ፣ የዋሸኋት ዶክተር ሰላማዊት ጋ ነው። ይቅርታ ስጠይቃት "ብዙ ሰው ይዋሸኛል፤ የሚመለሰው ግን ጥቂት ነው" ነው ያለችኝ።

ባለፈው ቀጠሮዬ "አዲስ ነገር አለ?" ብላ ጠየቀችኝ። ጀመርኩላት። ዓይኔ ጠዋት ጠዋት እንደሚያሳክከኝ፣ ጠብታውን ሁለት ቀን ረስቼ ደርቤ እንዳደረግኩት፣ ሌላ ሰው የነገረኝን ቅጠል አፍልቼ እንደታጠብኩበት፣ ጉልበቴን እንደሚያመኝ፣ ጨጓራዬ እንደተነሣብኝ፣ ጫት ትቼ ሐሙስ ዕለት እንደገና መቃሜን፣ ለዘሃራም እንዳልነገርኳት።

እስክሪብቶዋን አቁማ ሳቀች። "ጀማል፣ እኔ እኮ የዓይን ሐኪም ነኝ!"

"ይሁን፤ ጻፊው" አልኳት።

ጻፈችው።